ሦስተኛዋ ወንበር

ናይሜኸን፣ ሐሙስ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣
ሦስት ወንበር ያለው ክፍል፣ መስኮቱ የሚያይ ወንዙን፤
በአንዷ ዶክተር ሂልደ፣ እርሳሷን አሹላ፣
በአንዷ እማዋይሽ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣
ሦስተኛዋ የኔ ናት። ስም የለኝም እዚያ፤
ቃል አሻጋሪ ነኝ፣ ወዲህ እና ወዲያ።
ደንቡ ግድግዳው ላይ በፍሬም ተሰቅሏል፦
«አስተርጓሚ አይጨምር፣ አይቀንስም» ይላል።

«ከአንድ እስከ አስር ድረስ፣ ጭንቀትሽ ስንት ነው?»
እማዋይሽ ዝም አለች፣ ቃሉን ሳሻግረው።
ቁጥር ጠፍቷት አይደለም፤ አሳምራ ታውቃለች፤
ሁለት ሰዓት፣ ሃያ አንድ ደቂቃ ሮጣለች፤
የደሟን ብረት ልክ፣ የእንቅልፏን ጎዶሎ፣
ስንት እንደሚያወጣ እያንዳንዱ ኪሎ።
ለዚህ ግን ቁጥር የላት። ከመስኮቱ ማዶ
አሸዋ የጫነ መርከብ ሲያልፍ ከብዶ
አየችና «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለች።
ደህና ናት፣ አልኩላት። ሂልደም ጻፈች።

አንድ ነገር አለ፣ ዛሬ ልናዘዘው።
በመጀመሪያው ቀን፣ ጥያቄው ሲበዛባት፣
«ተይው እባክሽ፣ ሆድ ይፍጀው» ብላኝ ነበር።
ሆድ ይፍጀው! በየትኛው ድልድይ ላሳልፈው?
እኔም ደንብ አክባሪ፣ ቃል በቃል አንስቼ
«ሆዷን ያቃጥላታል» ብዬ አቀበልኩ።
ሂልደ ደነገጠች፤ ሆስፒታል ላከቻት፤
በቀጭን ቱቦ ጫፍ መብራት አስዋጧት፤
ሆዷን ዞረው አዩ፣ ጥግ ጥጉን ዳሰሱ፣
ምንም የለም ብለው በጽሑፍ መለሱ።

ምን ያያል ካሜራ? እዚያ የተቀመጠው
የወንድሟ ስልክ ነው፣ ሌሊት የሚደውለው፤
ቆርቆሮ የሚጠብቅ ጅምር ቤት ነው፤
የማናጀሯ ዝምታ ነው፤
ባለፈው ሚያዝያ፣ ሠላሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣
አጥር ተደግፋ ስታለቅስ የቀረጻት ሰው ነው፤
ከቪዲዮው ሥርም፣ የማታውቀው ሰው፣
«ሸጠችን» ያላት ነው።

ሦስት ሐሙስ አፍሬ በአራተኛው ነገርኳት።
«እኛ ጋ» አልኳት፣ «ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሻክራል፤
ሆድ ካገር ይሰፋል።
ያለችሽ፦ ጆሮ ከሚሰማው
እኔን ውስጤ ይብላኝ፣ ነው።»

ሂልደ እርሳሷን አስቀመጠች።
ቁጥር አልጠየቀችም።
«ታዲያ መንገድ ላይ ሲመጣባት ምን ታደርጋለች?»

እማዋይሽ ሳቀች፣ አፏን በእጇ ከልላ።
«ፊደል እቆጥራለሁ» አለች።
«ሀ በግራ እግሬ፣ ሁ በቀኝ፣ ሂ በግራ፣
ሰባቱን ስጨርስ፣ ሰባት ጎዶሎ ነውና
ለ በቀኝ ይነሳል።
አንድ እግር ብቻውን ሁልጊዜ አይጀምርም።
ጨ ላይ ጨነቀኝ ቆሞ ይጠብቀኛል፣
አውቀዋለሁ፣ መልኩን ሳይቀር።
ግን ጨም ብትሆን
ሰባት እርምጃ ናት።»

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለችኝ ሂልደ።
ትርጉም የለውም፣ አልኳት።
ሕፃን የሚጀምርበት ነው።

እሁድ አይንድሆቨን ዝናብ ጣለ።
በቴሌቪዥን አየኋት፣ ሠላሳ ሁለት ላይ፣
ፊቷ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤
ሶፋዬ ላይ ሆኜ አብሬያት ቆጠርኩ፣
ረ ላይ ጠፋችብኝ፣ ካሜራው ወደ መሪዎቹ ሄደ።
ከዚያ በኋላ አላሳዩአትም።

ስልኬ ሲጮህ ማሰሮዬ እሳት ላይ ነበር።
«ሠላሳ ስድስት ላይ ወጣሁ» አለች።
ከኋላዋ የሰው ጫጫታ፣ የብልጭልጭ ፎጣ ኮሽታ።
«እግርሽን ነው?»
«እግሬ ደህና ነው። ጨነቀኝ።
ጨነቀኝ አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፤
አንዲት ሴትዮ ሻይ ሰጠችኝ።»

ሂልደ የለችም፤ ሦስተኛ ወንበርም የለም።
ያቺን ቃል ለማንም አላሻገርኩም።
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜ
ተቀበልኳት።